በሥራ ቀን ውኃ አልጠጣም ነበር

ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ በየማለዳው አዲስ አበባ ገብታችሁ ማታ የምትመለሱ ሴቶች፣ ይህን የማወራው ለእናንተ ነው። ወንዶችም ብትሰሙ አይከፋኝም። እናንተ ግን መኪና ሲቆም አጥር ፈልጋችሁ ዞር ትላላችሁ፤ የእኛ ነገር ሌላ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ። ስለ ጤና የማውቀው በራሴ ላይ የደረሰውን ብቻ ነው፤ እሱንም የተማርኩት በፍርሃት ነው።

ስሜ እመቤት ይባላል። የምንኖረው ቡራዩ፣ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ባለቤቴ ቶሎሳ እዚያው ሰፈር በርና መስኮት የሚበይድበት ትንሽ ወርክሾፕ አለው። አንዲት ልጅ አለችን፤ ሲፈን ትባላለች፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ቅርብ ስለሆነ በእግሯ ሄዳ በእግሯ ትመለሳለች። እኔ የማስተምረው ግን መሃል ከተማ ነው። አሥር ተኩል ላይ ተነስቼ፣ የሁላችንንም ምሳ ቋጥሬ፣ ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ ላይ እገኛለሁ። ቀን ከቀናኝ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤት እደርሳለሁ። ካልቀናኝ አስኮ ላይ መንገዱ ተዘግቶ እዚያው ቁጭ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ ሽንት ቤት የለም። ሰልፍ ላይ ሽንትሽ ቢመጣ ተራሽን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ? ታክሲ ውስጥ ቢመጣስ አሥራ አምስት ሰው መሃል ተጣብቀሽ ለማን ትናገሪያለሽ? ስለዚህ እኛ የሰልፍ ሴቶች ያልተጻፈ ሕግ አውጥተን ነበር፦ በሥራ ቀን ጠዋት ውኃ አይቀመስም። «በደረቁ መውጣት» እንለዋለን። ሻይ ካማረሽ ግማሽ ብርጭቆ፣ እሱንም እንዳትጨርሽው። አዲስ ተከራይ መጥታ ሰልፉ ላይ ስትቁነጠነጥ ካየን ጠጋ ብለን እንመክራታለን። እኔ ራሴ ስንቷን መክሬያለሁ፣ እንደ ትልቅ ጥበብ!

ትምህርት ቤት ስደርስስ? ሠላሳ አምስት ሕፃናት ይጠብቁኛል። በየሰዓቱ አሰልፌ ሽንት ቤት እወስዳቸዋለሁ፤ ቁልፍ እፈታለሁ፣ ሱሪ አስታጥቃለሁ፣ እጅ አስታጥባለሁ። «ሚስ፣ ሽንቴ መጣ» ያለኝን ልጅ አንድ ደቂቃ አላስጠብቀውም፣ ይዤው እሮጣለሁ። የመምህራን ሽንት ቤት ግን ከሜዳው ማዶ ነው። ቁልፉ ያለው ጸሐፊዋ ጋ ነው፤ እሷ ወይ የለችም ወይ ስልክ ላይ ናት። ልጆቹንስ ለማን ጥዬ ልሂድ? እችለዋለሁ እላለሁ፣ ደግሞም እችለዋለሁ። ማታ ቤት ስገባ ቦርሳዬን በር ላይ ጥዬ ቀጥታ ወደ ጓሮ ነው። ሲፈን መምጣቴን ከሰማች መንገዱን ለቃ ትቆምልኛለች፤ ለምዳዋለች።

እንዲህ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። ጾም እንኳ ቢሆን ማታ ይፈታል፣ ዋጋም አለው። የእኔው ለማን እንደሚጾም አላውቅም።

መጀመሪያ ያመመኝ ወገቤ ነው። ከጎድን አጥንቴ በታች፣ ከኋላ በኩል፣ ሁለቱንም ጎኔን ይይዘኛል። ሰልፍ ላይ ላሉት ብነግራቸው ሁሉም በአንድ አፍ «ብርድ ነው» አሉ። እኛ አገር ወገብ ካመመ ብርድ ነው፣ ራስ ካዞረ ብርድ ነው፣ ሆድ ከነፋም ብርድ ነው። ወገቤን በነጠላ ጠቅልዬ ማሰር ጀመርኩ። አላስተኛኝ ሲል ከፋርማሲ ማስታገሻ ገዛሁ። በደንብ አሻለኝ፤ ታዲያ በየቀኑ አደረግኩት። ጠዋት አንዱን፣ ቀትር ላይ አንዱን፣ አንዳንዴም ማታ። ምራቄን ዋጥ አድርጌ ያለ ውኃ የምውጥበት ቀን ብዙ ነበር። ፋርማሲው ያለው ልጅ ከሩቅ ሲያየኝ ሳልናገር ያወጣልኝ ጀመር። ዛሬ ሳስበው እሱን አልወቅሰውም፤ ልምከርሽ ቢለኝም የምሰማው አልነበርኩም።

ቀጥሎ ፊቴ ማበጥ ጀመረ። ጠዋት ስነሳ የዓይኔ ቆብ ያብጣል፣ ወደ ቀትር ይሟሽሻል። ከተማሪዎቼ አንዷ፣ የአራት ዓመት ልጅ፣ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «ሚስ፣ አልቅሰሻል?» አለችኝ። አላለቀስኩም ብላት አላመነችኝም፤ የራሷን ብስኩት ቆርሳ አጎረሰችኝ።

ቶሎሳ ጎትቶ እዚያው ሰፈር ካለ ክሊኒክ ወሰደኝ። ከጣቴ ደም ወሰዱና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ «ታይፎይድና ታይፈስ» አሉኝ። ከሁለቱ አንዱን ያልተባለ ሰው ካለ በእጁ ያሳየኝ። መድኃኒት ሰጡኝ፣ የሳምንት እረፍትም ጻፉልኝ። ያን ሳምንት ቤቴ ተኝቼ እንደ ልቤ ጠጣሁ፣ እንደ ልቤ ወጣሁ፣ ዓይኔም ወገቤም ተሻላቸው። እኔ ግን መድኃኒቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሥራ ገብቼ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። ሌላ ክሊኒክ ሄድን። ምግብ ያስጠላኛል፣ ያቅለሸልሸኛል ስላልኩ «ጨጓራ ነው» ብለው ሌላ መድኃኒት ጨመሩልኝ። አንዳቸውም ስለ ውኃ አልጠየቁኝም፤ እኔም ከበሽታ ጋር የሚነሳ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቤታችን ውስጥ ሰላም ጠፋ። ቶሎሳ ሥራውን ተይው አለ። እዚሁ ቡራዩ ባለ ትምህርት ቤት በግማሽ ደመወዝም ቢሆን ተቀጠሪ ይላል። እኔ ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበትን ቦታ አልለቅም አልኩ። አንድ ቀን አፌ አመለጠኝና አንተ ብረትህን በይድ፣ ስለ ማስተማር ምን አገባህ አልኩት። መነጽሩን አድርጎ ወደ ሥራው ሄደ። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም።

ከዚያ አንድ ማታ ጓሮ ስገባ የሽንቴ ቀለም ጥቁር ሻይ መስሎ አየሁት። ትንሽ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ይዤ የዋልኩት ሽንት አንዲት ስኒ አይሞላም። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ውኃ ደፋሁበትና ገብቼ እራት አቀረብኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት፤ የዚያን ዕለት ግን ፍርሃቴ ከተረቱ በለጠ። ከተናገርኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን አስኮ ላይ ታክሲ ውስጥ ወደቅሁ። ደረቴ ላይ የያዝኩት ቦርሳ ሲንሸራተት ትዝ ይለኛል፣ ሌላው አይታወሰኝም። ተሳፋሪዎች በስልኬ ቶሎሳን ጠርተው፣ ታክሲው ከነሰው ሆስፒታል አደረሰኝ። ሁሉም የሥራ ሰዓት የረፈደበት ሰው ነበር፤ አንድም ሰው እንዳላጉረመረመ በኋላ ሰማሁ። እግዜር ይስጣቸው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ደምና ሽንት አስመረመረችኝ፣ ሆዴን በአልትራሳውንድ አየችው። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሐኪም ወረቀት ሁለቴ ሲያነብ ምን እንደሚሰማ የታመመ ያውቀዋል።

«በቀን ምን ያህል ውኃ ትጠጫለሽ?» አለችኝ።

«በሥራ ቀን ነው ወይስ በእሑድ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «ልዩነት አለው እንዴ?»

ነገርኳት። ስለ ሰልፉ፣ ስለ አስኮው መንገድ፣ ስለ ቁልፉና ስለ ጸሐፊዋ። ወንድ ቢሆን አፍር ነበር። ስለ ማስታገሻውም ስትጠይቀኝ ስንት ወር እንደወሰድኩ ነገርኳት። ስጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ኩላሊቴ ደክሟል አለች። ክሬቲኒን የሚሉት ነገር አለ፤ ኩላሊት ከደም አጣርቶ ከሽንት ጋር መጣል ያለበት ቆሻሻ ነው። የእኔ ኩላሊቶች መጣሉን ትተው ደሜ ውስጥ ማጠራቀም ጀምረዋል። ሽንት ይዤ ስውል ደግሞ ኢንፌክሽን ገብቶ ወደ ላይ ወጥቷል። «ውኃውን ከለከልሻቸው፣ በዚያ ላይ ማስታገሻውን ጫንሽባቸው» አለችኝ። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አስተኝተው ግሉኮስ ሰቀሉልኝ። በአራት ቀን ውስጥ ክሬቲኒኑ ትንሽ ወረደ፣ የሚፈለገውን ያህል ግን አልወረደም። ስታስወጣኝ ሐኪሟ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ሁለት ሳምንት እናያለን። ከወረደ ጥሩ ነው። ካልወረደ ስለ እጥበት እንነጋገራለን።»

እጥበት ማለት ኩላሊት ሲያቅተው ደምን በማሽን ማጣራት ነው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየተመላለሱ፣ በየቀጠሮው ለሰዓታት ተኝተው፣ ዕድሜ ልክ። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም። የታየኝ ሲፈን ብቻ ናት። ፀጉሯን ማን ይሠራላታል? ለቶሎሳ ሹሩባ ማስተማር የሚቻል አይደለም። እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር ነበር የማስበው።

እነዚያን ሁለት ሳምንታት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የምነካው የዓይኔን ቆብ ነው፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቴን። አበጠ? አላበጠም? ውኃው በልክ ታዞልኛል፤ የምሸናው ደግሞ በጆግ እየተለካ የቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፋል። የሚለካው ቶሎሳ ነው። ብረት በሚሊሜትር መቁረጥ የለመደ ሰው ስለሆነ ጆጉን መስኮት ላይ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነባል። ሳቄ ይመጣል፣ ሳልስቅም አለቅሳለሁ። ያን ክፉ ቃል ይቅር በለኝ አልኩት። መቼ ነው እሱን የተናገርሽው አለ። ያስታውሰዋል፤ አውቃለሁ።

በየሦስት ቀኑ ለምርመራ ደም ለመስጠት እመላለስ ነበር። የምንጠብቅበት ኮሪደር ከእጥበት ክፍሉ በር ፊት ለፊት ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። ዓይኔን ከበሩ ማንሳት አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አይተውኝ ሻርፓቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ። እትዬ ዘነበች ይባላሉ፣ የሚመጡት ከሰበታ ነው፣ እጥበት ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸውን የጣላቸው የደም ግፊት ነው። መድኃኒቱ ታዞላቸው ነበር። ፋብሪካ ይሠሩ ስለነበር፣ ሥራ ሲበዛባቸው ይረሱታል፤ ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ ይውጡታል። ግፊት ደግሞ ሳያምም ነው የሚሠራው አሉኝ። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው።

«እጥበቱ አይደለም የጨረሰኝ፣ መንገዱ ነው» አሉ። «ሰበታ እስክደርስ የታጠበው ሁሉ ተመልሶ የሚሞላብኝ ይመስለኛል።»

እንደፈራሁ ነገርኳቸው። እጄን ያዙኝ። እጃቸው ላይ፣ መርፌው በሚገባበት በኩል፣ ደም ሥሩ እንደ ገመድ ተወጥሮ ነበር።

«ፍርሃትሽን አትጣይው፣ ልጄ። እኔ ቶሎ ጣልኩት።»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ስሄድ ቦታቸው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሻርፓቸውን አጥቤ ይዤላቸው ነበር። ነርሷን ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ስጠይቃት ቀን ቀይረው ይሆናል አለችኝ። ወረቀት እያገላበጠች ስለነበር ፊቷን አላየሁትም። ቀን ቀይረው ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሻርፑ እስከ ዛሬ እኔ ጋ አለ።

ወንድም ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ የሰማው ያኔ ነው። ሱሉልታ ነው የሚኖረው፤ ላም አርብቶ ወተት ይሸጣል፣ አምስት ልጆች አሉት። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና የመጣበትን ሳይደባብቅ ተናገረ። ሁለት አለኝ፣ ምን ያደርግልኛል፣ አንዱን ውሰጂ አለ። ስለ ጥጃ እንጂ ስለ ኩላሊቱ የሚያወራ አይመስልም። ተናደድኩበት። ገና አልተፈረደብኝም፣ ሂድ ላሞችህን እለብ አልኩት። ነገሩ የገባኝ እሱ ከወጣ በኋላ ነው። እስከዚያ ሰዓት የፈራሁት ለራሴ ነበር። አሁን ግን የእኔ ግማሽ ብርጭቆ ሻይ፣ የእኔ «እችለዋለሁ» ማለት፣ የአምስት ልጆች አባት ጎን ድረስ ሊደርስ ነው። ያን ቀን የቆጨኝን ያህል በሕይወቴ ቆጭቶኝ አያውቅም።

በሁለት ሳምንቱ ሐኪሟ ፊት ተቀመጥን። ወረቀቱን አንድ ጊዜ ብቻ አነበበችው።

«ወርዷል» አለች።

ቶሎሳ ጭንቅላቱን ጠረጴዛዋ ላይ ደፋ። እሷ ግን ደስታችንን አላስረዘመችውም። እጥበት አያስፈልግሽም፣ የተጎዳው ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው አይመለስም፣ የቀረሽን ጠብቂው አለችኝ። ማስታገሻ ያለ ሐኪም እንዳልነካ አስጠነቀቀችኝ። በየሦስት ወሩ እየተመረመርኩ እኖራለሁ።

አሁን «እሺ፣ መንገዱስ?» ትሉኛላችሁ። መንገዱ ያው ነው፤ እኔ ነኝ እንደ አዲስ የተማርኩት። አንድ ቅዳሜ ከሰፈሬ እስከ ትምህርት ቤቴ በእግርም በታክሲም እየሄድኩ የሰው በር አንኳኳሁ። አስኮ ላይ ቁርስ ቤት ያላት አንዲት ሴት ታሪኬን ሰማችና ቁርስ ባትበዪም ግቢ አለችኝ። ስለዚህ ጠዋት ቤቴ ጠጥቼ እወጣለሁ፣ አስኮ እወርዳለሁ፣ ከእሷ ቤት ወጥቼ ሁለተኛ ታክሲ እይዛለሁ። ሃያ ደቂቃ ቀድሜ እነሳለሁ፣ በቃ። ርእሰ መምህሩ ጋ ገብቼ ደግሞ የልቤን ተናገርኩ።

«ሠላሳ አምስት ልጅ በየሰዓቱ አሸናለሁ። እኔን ማን ያሸናኛል?»

ሳቀ፣ ከዚያ አፈረ። ቁልፉ ተቀርጾ ለእያንዳንዳችን ተሰጠን፤ ረዳት መምህርቷም ለአምስት ደቂቃ እንድትተካኝ ታዘዘች። ይህን ያህል ነበር! ዘጠኝ ዓመት ያልጠየቅሁት ነገር በዘጠኝ ደቂቃ አለቀ። ልጆቼ ሲጠጡ እኔም እጠጣለሁ፤ ከረሳሁ «ሚስ፣ ጠጪ!» ብለው ይጮኹብኛል። ምን ያህል እንደምጠጣ አልነግራችሁም፤ የእኔ ልክ የእኔ ነው፣ የእናንተን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ደግሞ አንዴ ተምሬ ጨረስኩ እንዳይመስላችሁ። የወላጆች ቀን ሲደርስ፣ አዳራሽ ማስጌጥ፣ መዝሙር ማለማመድ ሲበዛ፣ ሦስት ቀን ሳይታወቀኝ በደረቁ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን የካልሲዬ ላስቲክ እግሬ ላይ ጠልቆ ገብቶ አየሁ። ጭኔ ድረስ ቀዘቀዝኩ። መጥፎ ልማድ ደጅ ቆሞ ነው የሚጠብቀው፤ ሥራ በዛብኝ ስትይ ይገባል።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ የእኔው የደረሰው በሌላ በር ነው።

ሲፈን የውኃ ኮዳ አላት። በፊት ሳትጠጣው እንደ ሞላ ከትምህርት ቤት ስትመልሰው ግድ አይሰጠኝም ነበር፤ እንዲያውም ለነገ አልሞላም ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ከሕመሜ በኋላ ግን ጨርሰሽ ነይ ብዬ አዘዝኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶውን ታመጣዋለች። ቶሎሳን «ልጅሽ ጎበዝ ናት በለኝ» እያልኩ እኮራበት ነበር።

የካቲት ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ኦቦ ገመቹ በር ላይ አገኙኝና አመሰገኑኝ። ገለቶሚ፣ ፈጣሪ ይባርክሽ አሉ። በግቢው በር አጠገብ የተከሏት የኮክ ችግኝ አለች። በዚያ በጋ ግቢው ሁሉ አቧራ ሆኖ እሷ ብቻ ለምልማለች።

«የምታጠጫት አንቺ ነሽ አይደል?» አሉኝ።

አይደለሁም አልኳቸው። እኔ ካልሆንኩ ታዲያ ማን ነው? ቶሎሳ አበባ የሚያጠጣ ሰው አይደለም። ሰኞ ሰውነቴ አልታዘዝ ብሎኝ አስፈቅጄ ቀደም ብዬ ተመለስኩ። ሲፈን ገና ከትምህርት ቤት መግባቷ ነው። የችግኟን ሥር በእጄ ነካሁት፣ እርጥብ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስረዳኝ አላስፈለገኝም። ኮዳዋን የምታራግፈው እዚህ ነው።

አልጮህኩባትም። አጠገቤ አስቀምጬ ኮዳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠየቅኳት። የሴቶቹ ሽንት ቤት መቀርቀሪያ የለውም፣ ወንዶቹ እየመጡ በሩን ይገፉታል አለች። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብላት ዓይኖቿን መሬት ላይ ተክላ መለሰችልኝ።

«አንቺም እኮ በደረቁ ነበር የምትወጪው። እችለዋለሁ።»

እችለዋለሁ! የእኔኑ ቃል፣ በእኔው ድምፅ። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ የሚሉት እንዲህ ላለውም ነው ለካ።

«ወገብሽን ያምሻል?» አልኳት።

«አንዳንዴ።»

በማግስቱ ሁለታችንም ቀረን። በዚያው ኮሪደር፣ በዚያው በር ፊት ለፊት ልጄን ይዤ ተቀመጥኩ። የእትዬ ዘነበችን ሻርፕ ጉልበቷ ላይ አደረግኩላት። የራሴን ውጤት ስጠብቅ ፈርቼ ነበር ብያለሁ፤ ያ ፍርሃት አልነበረም። እግዚአብሔርን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእኔን የተረፈውንም ውሰደው፣ የእሷን ተወው። ስማችን ሲጠራ ሲፈን ናት እጄን ይዛ ያስገባችኝ። ሐኪሟ ወረቀቱን ስታነብ ዓይኗን ነበር የምከተለው። ኩላሊቷ ደህና ነው አለች። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ጀምሯታል፣ በመድኃኒት ይድናል፣ በጊዜ ነው የመጣችሁት አለችን።

ቶሎሳ የዚያን ቀን የሰው ሥራ ወደ ጎን ትቶ አራት መቀርቀሪያ ቆረጠ። ቅዳሜ ዕለት የትምህርት ቤቱን ዘበኛ አስፈቅዶ ራሱ ገጠማቸው። ሲፈን አራቱንም በሮች እየገባች ከውስጥ ቀርቅራ ሞከረች፤ እኔ ከውጭ ገፋሁ። በደንብ ገፋሁ፣ በሙሉ ክብደቴ። አንዱም አልተከፈተም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ኦቦ ገመቹ በር ላይ አስቆሙኝ። ችግኟ ጠውልጋ ቅጠሏን አንጠልጥላለች። ምን ነካት፣ እንዲያ አምሮባት አልነበረም እንዴ እያሉ አዘኑ። እኔ ግን እሰይ አልኩ በሆዴ፤ እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ከዚያ ባልዲ አምጥቼ ከቧንቧው ቀዳሁና ችግኟን አጠጣኋት።